የፍላቮኖይድ የምግብ ማሟያዎች፦ ከማስታወቂያው ጀርባ ያለው ሳይንሳዊ ማስረጃ

በመድኃኒት ቤት መደርደሪያዎች፣ በመዋቢያ ዕቃ መደብሮችና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች ላይ ከእፅዋት የተዘጋጁ ካፕሱሎችና ዱቄቶች ለሽያጭ ሲቀርቡ ማየት የተለመደ ሆኗል። የአረንጓዴ ሻይ፣ የጂንኮ፣ የኮኮዋ፣ የኩዌርሴቲንና የሽፈራው ምርቶች ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድም ለወላጆቹ ከሚይዛቸው ስጦታዎች መካከል እንዲህ ያለ ብልቃጥ አይጠፋም። በማስታወቂያዎቻቸው ላይ የሚነበበው ተስፋ ተቀራራቢ ነው፤ ልብን ይጠብቃል፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ያስተካክላል፣ የማስታወስ ችሎታን ያድሳል፣ ክብደትን ይቀንሳል የሚል ነው። ለዚህ ሁሉ በምክንያትነት የሚቀርበው ፍላቮኖይድ የተባለው በእፅዋት ውስጥ የሚገኝ ውህድ ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለግለሰቡ ምርጫ በተተወ ነበር። ነገር ግን የታዘዘለትን የደም ግፊት መድኃኒት አቁሞ በካፕሱል የሚተካ ታካሚ፣ ለክብደት መቀነሻ በወሰደችው የተጠናከረ የሻይ ቅጠል ይዘት ጉበቷ የሚጎዳ ወጣት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰዱ ለሐኪማቸው ሳይናገሩ ጂንኮ የሚጨምሩ አዛውንት ለከባድ አደጋ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ፍላቮኖይድን በተመለከተ ሳይንሱ እስካሁን የደረሰበትን ደረጃ፣ የተረጋገጠውንና ያልተረጋገጠውን ለይቶ ማወቅ ለእያንዳንዱ ተገልጋይ ይጠቅማል።

ፍላቮኖይድ ምንድን ነው?

ፍላቮኖይዶች በሺዎች የሚቆጠሩ የእፅዋት ውህዶችን የያዙ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው። ለአበቦችና ለፍራፍሬዎች ቀለም ከሚሰጡት፣ ቅጠልን ከፀሐይ ጨረርና ከተባይ ከሚከላከሉት ንጥረ ነገሮች መካከል ይመደባሉ። ለወጣችን መሠረት በሆነው ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ኩዌርሴቲን፣ በሻይ ቅጠል ውስጥ ካቴኪን፣ በብርቱካን ውስጥ ሄስፔሪዲን፣ በአኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የተባሉት ዓይነቶች ይገኛሉ። ሩቲን የተባለው ፍላቮኖይድ ስሙን ያገኘው ሩታ ከሚባለው የዕፅ ዝርያ ሲሆን፣ በቡናችን ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም የዚሁ ዝርያ አባል ነው። ስለዚህ ፍላቮኖይድ ከባሕር ማዶ በብልቃጥ ታሽጎ ካልመጣ የማይገኝ ነገር አይደለም፤ በየዕለቱ ማዕዳችን ላይ አለ።

እነዚህ ውህዶች እንደ ቫይታሚን ይቆጠሩ የነበረበት ጊዜም ነበር። የሃንጋሪው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት-ጆርጂና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1936 ከሎሚና ከበርበሬ ያገኙትን ፍላቮኖይድ «ቫይታሚን ፒ» ብለው ሰይመውት ነበር። ይሁን እንጂ ቫይታሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲጎድል ሰውን ለሕመም የሚዳርግ ነው። የፍላቮኖይድ እጥረት የሚያመጣው በሽታ ባለመገኘቱ ስያሜው ከጊዜ በኋላ ቀርቷል። ዛሬም ቢሆን «የፍላቮኖይድ እጥረት» የሚባል በሕክምና የሚታወቅ ሕመም የለም።

ተስፋው ከየት መጣ?

ለፍላቮኖይድ ትልቅ ትኩረት ካስገኙት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ በ1993 በኔዘርላንድስ ዙትፈን ከተማ ነዋሪዎች ላይ የታተመው ነው። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 805 ወንዶች አመጋገባቸው ተመዝግቦ ለአምስት ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። በዋናነት ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከፖም ብዙ ፍላቮኖይድ የሚያገኙት፣ ጥቂት ከሚያገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ በ2019 የታተመውና 56,048 የዴንማርክ ነዋሪዎችን ለ23 ዓመታት የተከታተለው ጥናትም ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳይቷል። በዚህ ጥናት ከአጠቃላይ የሞት መጠን ጋር የታየው ግንኙነት በቀን ወደ 500 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ መሻሻሉን አቁሟል። ከዚያ በላይ መጨመር ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም።

ሁሉም የክትትል ጥናት ግን አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጠም። እ.ኤ.አ በ1997 በዌልስ ካይርፊሊ ከተማ 1,900 ያህል ወንዶችን የሸፈነው ጥናት ታትሟል። በዚያ ብዙ ሻይ የሚጠጡና ብዙ ፍላቮኖል የሚያገኙ ሰዎች ከልብ ሕመም የተሻለ ጥበቃ አላገኙም። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ጠቃሚ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥበቃውን የሰጠው ውህዱ ራሱ ነው ወይስ አብሮት ያለው የአኗኗር ሁኔታ? አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትር ሰው ብዙ ጊዜ ሲጋራ የማያጨስ፣ በእግሩ የሚንቀሳቀስ፣ ሕክምናውን የሚከታተልና የተሻለ ገቢ ያለው ሊሆን ይችላል። የክትትል ጥናት እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ለመለየት ቢጥርም ሙሉ በሙሉ አይሳካለትም።

እንክብሉ ሲፈተን

ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ የሚሰጠው ሰዎችን በዕጣ በሁለት ቡድን መድቦ፣ ለአንዱ ትክክለኛውን እንክብል፣ ለሌላው ምንም ውህድ የሌለበትን ተመሳሳይ እንክብል በመስጠት የሚካሄድ ሙከራ ነው። ፍላቮኖይድን በሚመለከት በዚህ መንገድ ከተካሄዱት ትላልቅ ሙከራዎች መካከል ሁለቱ በተለይ ሊታወቁ ይገባል።

የመጀመሪያው የጂንኮ ሙከራ ነው። የጂንኮ ቅጠል ይዘት ሩብ ገደማ የሚሆነው መጠኑ ፍላቮኖይድ እንዲሆን ተደርጎ የሚዘጋጅ ሲሆን የማስታወስ ችሎታን ይጠብቃል ተብሎ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ፈቃደኞች፣ ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊ ግራም ጂንኮ እየወሰዱ፣ በአማካይ ለስድስት ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት ጂንኮ ከወሰዱት መካከል 277 ሰዎች፣ አስመሳዩን እንክብል ከወሰዱት መካከል 246 ሰዎች በመርሳት በሽታ ተይዘዋል። ጂንኮ በሽታውን አልተከላከለም።

ሁለተኛው ኮስሞስ በሚል ስም የሚታወቀውና እ.ኤ.አ በ2022 የታተመው የኮኮዋ ሙከራ ነው። በአሜሪካ 21,442 አዛውንቶች የተሳተፉበት ሲሆን በቀን 500 ሚሊ ግራም የኮኮዋ ፍላቫኖል በካፕሱል ተሰጥቷል። ሙከራው አስቀድሞ ለመመለስ የተነሣበት ዋና ጥያቄ ካፕሱሉ እንደ ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ሕመም ያሉትን አደጋዎች በድምሩ ይቀንሳል ወይ የሚል ነበር። ካፕሱሉን ከወሰዱት 410፣ ካልወሰዱት 456 ሰዎች አደጋው ደርሶባቸዋል። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊከሰት ከሚችለው በበቂ ሁኔታ የራቀ ባለመሆኑ ዋናው ጥያቄ አዎንታዊ መልስ አላገኘም። በሌላ በኩል በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ሰዎች ካፕሱሉን በወሰዱት ዘንድ በ27 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው። ይሁን እንጂ ከዋናው ጥያቄ ውጭ በሁለተኛ ደረጃ የተመዘገበ ውጤት በመሆኑ፣ በሌላ ሙከራ እስካልተደገመ ድረስ እንደ ማረጋገጫ አይወሰድም። ማስታወቂያዎች ግን «27 በመቶ» የሚለውን ቁጥር ነጥለው ያወጣሉ፤ የዋናውን ጥያቄ መልስ ይተዋሉ። አንባቢ በማስታወቂያ ላይ ቁጥር ሲመለከት «ይህ የዋናው ጥያቄ መልስ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከዚሁ ሙከራ ጋር ተያይዞ እ.ኤ.አ በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት የኮኮዋ ፍላቫኖል በማስታወስ ችሎታ ላይ ያለውን ተጽዕኖ መርምሯል። በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ ግልጽ ጥቅም አልታየም፤ መሻሻል የታየው ቀድሞ አመጋገባቸው ደካማ በነበሩት ላይ ነው። ይህም የጎደለው ምግብ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

በደም ግፊት ረገድ የኮኮዋ ፍላቫኖል መጠነኛ ውጤት እንዳለው ይታወቃል። 35 ሙከራዎችን ያጠቃለለውና እ.ኤ.አ በ2017 የታተመው የኮክሬን ግምገማ የደም ግፊትን በአማካይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ከዚህ የበለጠ ስለሚቀንሱና ሕይወትን እንደሚያተርፉ በተደጋጋሚ ስለተረጋገጠ፣ ኮኮዋ የእነርሱ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ሙሉ በሙሉ አሉታዊ ሥዕል መስጠትም ትክክል አይሆንም። ዲዮስሚንና ሄስፔሪዲን የተባሉ ፍላቮኖይዶች በአንድነት ተዘጋጅተው በበርካታ አገሮች ለእግር ደም ሥር ሕመምና ለኪንታሮት በመድኃኒትነት ያገለግላሉ፤ የእግር እብጠትን በመጠኑ እንደሚቀንሱም ማስረጃ አለ። ከማስታወቂያ ምርቶች የሚለያቸው ግን መጠናቸው ተለክቶ፣ ለተወሰነ ሕመም ተፈትነውና በጤና ባለሙያ ተመርምሮ ለታወቀ ችግር መሰጠታቸው ነው።

ምግቡ ሲጠቅም እንክብሉ ለምን ይከሽፋል?

አንደኛው ምክንያት ሰውነት ፍላቮኖይድን የሚያስተናግድበት መንገድ ነው። ከተዋጠው ውስጥ ሳይለወጥ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ብቻ ነው። ቀሪውን አንጀትና ጉበት መልኩን ይለውጡታል፤ የአንጀት ባክቴሪያዎችም ይሰባብሩታል። በቤተ ሙከራ ሴሎች ላይ አስደናቂ ውጤት ያሳየው ውህድ ብዙ ጊዜ የተሰጠው በሰው ደም ውስጥ ሊገኝ ከሚችለው እጅግ በላቀ መጠን ነው። በዚህም የተነሣ «በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል» የሚለው አባባል በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ምግብ የብዙ ነገሮች ድምር መሆኑ ነው። ጎመን ወይም ብርቱካን የሚበላ ሰው ከፍላቮኖይድ ጋር አሰር፣ ፖታሲየምና ቫይታሚን ያገኛል። ቅባትና ስኳር የበዛበትን ምግብም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ አንድ ካፕሱል ሊተካው አይችልም። በዚህም መሠረት የአሜሪካ የሥነ ምግብና አመጋገብ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ2022 ባወጣው መመሪያ በቀን ከ400 እስከ 600 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል ማግኘት ለልብና ለስኳር ጤና ሊጠቅም እንደሚችል ሲገልጽ፣ ምንጩ ምግብ እንጂ የምግብ ማሟያ እንዳይሆን መክሯል።

ከዚህ ቀደም የተገኘ ትምህርትም አለ። ከፍላቮኖይድ የተለየ ቢሆንም ቤታ ካሮቲን የተባለው የእፅዋት ንጥረ ነገር በብዙ አትክልት ተመጋቢዎች ዘንድ ከካንሰር መቀነስ ጋር ተያይዞ ነበር። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ በ1994 በታተመው ሙከራ ግን እንክብሉን የወሰዱት ለሳንባ ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በምግብ ውስጥ መልካም የሆነ ነገር ተነጥሎና በዝቶ ሲሰጥ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ማር ሲበዛ ይመራል የሚለው አባባላችን ለዚህም ይሠራል።

በጉበት ላይ የታየው ጉዳት

«ከእፅዋት ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው እምነት ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት ነው። የአረንጓዴ ሻይ ጉዳይ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። ቅጠሉን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ መጠጣት በጥቅሉ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው። ከቅጠሉ ዋናው ካቴኪን፣ ማለትም ኢጂሲጂ ተነጥሎና ተጠናክሮ በእንክብል ሲዘጋጅ ግን ሁኔታው ይለወጣል። በፈረንሳይና በስፔን ለክብደት መቀነሻ ይሸጥ የነበረ አንድ የአረንጓዴ ሻይ ምርት ከጉበት ጉዳት ጋር በመያያዙ እ.ኤ.አ በ2003 ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በማሟያ መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ መውሰድ የጉበት መጎዳትን የሚያመለክቱ ኢንዛይሞች በደም ውስጥ እንዲጨምሩ እንደሚያደርግ ገልጿል። ሻዩን በመጠጣት በአማካይ የሚገኘው በቀን ከ90 እስከ 300 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ አንዳንድ ማሟያዎች ግን እስከ 1,000 ሚሊ ግራም ይይዛሉ። ይህን ተከትሎ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2022 ባወጣው ደንብ የዕለቱ መጠን ከ800 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ወስኗል። በባዶ ሆድ እንዳይወሰድ፣ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች እንዲሁም ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳይጠቀሙበት የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በማሸጊያው ላይ እንዲሰፍርም አስገድዷል።

ጉዳቱ በሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። በአሜሪካ የተካሄዱ ጥናቶች በአረንጓዴ ሻይ ማሟያ ጉበታቸው በተጎዳ ሰዎች ዘንድ አንድ የተለየ የዘር ውርስ ምልክት በብዛት እንደሚገኝ አሳይተዋል። ተጠቃሚው ግን ይህ ምልክት በእርሱ ዘንድ ስለመኖሩ አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ በተለመደው አሠራር የለም። ስለሆነም ጎረቤትን ያልጎዳ ምርት ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ከመድኃኒትና ከብረት ጋር ያለው ግንኙነት

ፍላቮኖይድ የያዙ ምርቶች የመድኃኒትን ሥራ ሊያዛቡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ በ2014 በታተመ አነስተኛ ጥናት በቀን 700 ሚሊ ሊትር አረንጓዴ ሻይ ለሁለት ሳምንታት የጠጡ ፈቃደኞች ናዶሎል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስዱ በደማቸው የተገኘው መጠን በ85 በመቶ ቀንሷል። ጂንኮ ደግሞ እንደ ዋርፋሪንና አስፕሪን ካሉ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋን ሊጨምር ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለአገራችን እናቶች በተለይ ትኩረት የሚሻው የብረት ጉዳይ ነው። በሻይ ውስጥ ያሉት ፍላቮኖይዶችና ተመሳሳይ ውህዶች ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ይይዙታል፤ ወደ ሰውነት እንዳይገባም ያግዱታል። እ.ኤ.አ በ1999 የታተመ ጥናት ከዳቦ ጋር የተጠጣ ጥቁር ሻይ የብረትን መመጠጥ ከ79 እስከ 94 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በነፍሰ ጡርነት ወቅት የሚሰጠውን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል የሚወስዱ እናቶች፣ የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎችና ሕፃናት ሻይን ከምግብና ከእንክብሉ ጋር አብረው እንዳይወስዱ፣ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት እንዲኖር ይመከራል።

ሽፈራውና ሌሎች የአገር ውስጥ እፅዋት

በደቡብ የአገራችን ክፍል ሀለኮ ወይም ሽፈራው የሚባለው ዛፍ ቅጠል የዘወትር ምግብ ነው። በኮንሶ ኩርኩፋ ከተባለው የእህል ምግብ ጋር ተቀቅሎ ይበላል። ቅጠሉ ሩቲንን ጨምሮ ፍላቮኖይዶችን የያዘ ሲሆን፣ በእንስሳት ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የደም ስኳርን እንደሚቀንስ አመልክተዋል። ይህ ለተጨማሪ ምርምር የሚያነሳሳ ነው። ይሁን እንጂ በአይጥ የታየ ውጤት የስኳር ሕሙማን ኢንሱሊናቸውን ወይም እንክብላቸውን ለማቆም በቂ ምክንያት አይሆንም። የሽፈራው ቅጠል በምግብነቱ የተከበረ ነው፤ በካፕሱል ሲሸጥ የሚነገርለት ፈዋሽነት ግን በሰው ላይ በተካሄደ ትልቅ ሙከራ አልተረጋገጠም። ጤና አዳምም ቢሆን ለመዓዛ ያህል በቡና ላይ መጨመሩና በብዛት ተጨምቆ መጠጣቱ የተለያዩ ናቸው፤ በተለይ በእርግዝና ወቅት በብዛት መውሰድ ሊጎዳ ይችላል።

ቁጥጥሩና የተጠቃሚው ድርሻ

«በአሜሪካ የተመረተ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንደ ዋስትና ይወሰዳል። ነገር ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ እንደ መድኃኒት ጥቅሙና ደኅንነቱ በመንግሥት ተመርምሮ ከጸደቀ በኋላ ወደ ገበያ የሚወጣ አይደለም። ደኅንነቱን የማረጋገጥ ኃላፊነት በቅድሚያ የተጣለው በአምራቹ ላይ ነው። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በ2023 በፍላቫኖል የበለጸገ የኮኮዋ ዱቄትን በተመለከተ ስለ ልብ ጤና የሚነገረው ማስረጃው «እጅግ ውስን» መሆኑ ተገልጾ ብቻ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ፈቃዱ ለተራ ቸኮሌት አይሠራም።

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት ደኅንነትና ጥራት ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚመራ ሲሆን፣ ኃላፊነቱን የሚወጣው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በሻንጣ የሚገባ ወይም በማኅበራዊ ትስስር ገጽ የሚሸጥ ምርት ይህን የቁጥጥር ሂደት ላያልፍ ይችላል። ስለሆነም ተገልጋዮች የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንዲሉ ይመከራል።

1. በሐኪም የታዘዘልዎትን መድኃኒት በማንኛውም የምግብ ማሟያ ምክንያት አያቋርጡ፣ መጠኑንም አይቀንሱ።

2. ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ የሚወስዱትን ካፕሱል፣ ዱቄትና የባህል መድኃኒት ሁሉ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ቢቻል ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅዎት ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ያሳውቁ።

3. ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የሚያጠቡ ከሆነ ወይም የጉበት ሕመም ካለብዎት የተጠናከሩ የእፅዋት ማሟያዎችን ያለ ሐኪም ምክር አይውሰዱ። ለልጆችም አይስጡ።

4. ከመግዛትዎ በፊት ምርቱ በባለሥልጣኑ የተመዘገበ መሆኑን፣ የይዘቱ መጠንና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ። ብዙ የተለያዩ በሽታዎችን በአንድነት እፈውሳለሁ ከሚል ምርት ይራቁ።

5. ማሟያ መውሰድ ከጀመሩ በኋላ የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የማያቋርጥ ማቅለሽለሽ፣ ማሳከክ ወይም በቀኝ የላይኛው ሆድ ላይ ሕመም ከተሰማዎት ምርቱን ወዲያውኑ አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጉዳቱንም በባለሥልጣኑ ነጻ የስልክ መስመር 8482 ያሳውቁ።

እስካሁን ያለው ማስረጃ ሲጠቃለል ፍላቮኖይድ የበዛባቸውን ምግቦች ማዘውተር ከተሻለ ጤና ጋር ይያያዛል፤ እንክብሉ ግን በትላልቅ ሙከራዎች የተባለለትን ያህል ሆኖ አልተገኘም፣ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድም ሊጎዳ ይችላል። ለካፕሱል የሚወጣው ገንዘብ ለጎመን፣ ለሽንኩርት፣ ለብርቱካንና ለጥራጥሬ ቢውል ቤተሰቡ የተሻለ ማስረጃ ያለውን መንገድ መርጧል ማለት ነው።